የሄልሲንኪ ውሳኔና የጎጃም ጉድጓድ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ደምበጫን አልፎ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ያገኛል። ከአስፋልቱ ወጣ ሲል ያለው ገጠር የበቆሎና የበርበሬ አገር ነው። በዚህ በምዕራብ ጎጃምና በአጎራባች ዞኖች የንጹሕ ውሃ ጉዳይ ከአንዲት ሩቅ አገር የውጭ ፖሊሲ ጋር ለረጅም ዘመን ተሳስሯል። አገሪቱ ፊንላንድ ናት።

ፊንላንድ የአማራ ክልልን የገጠር ውሃና አካባቢ ፕሮግራም መደገፍ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። መጀመሪያ ላይ ገንዘቡም ዕቃውም በፕሮጀክቱና በመንግሥት ቢሮዎች እጅ ነበር። በ2003 ግን አሠራሩ ተለወጠ። ውሃ የሚፈልግ ጎጥ ኮሚቴ መርጦ ለወረዳው ያመለክታል፤ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ አዋጥቶ ይቆጥባል፤ ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ያቀርባል። ማመልከቻው ሲጸድቅ የግንባታው ገንዘብ በዚያ ዘመን በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል በቀጥታ ለኮሚቴው ይለቀቅ ነበር። ሲሚንቶ የሚገዛው፣ ግንበኛ የሚቀጥረው፣ ሒሳብ የሚያወራርደው ራሱ ኮሚቴው ነው፤ ወረዳው ያማክራል፣ ይቆጣጠራል።

ይህን ቀላል ለውጥ የሚል ካለ ተሳስቷል። ዕድሩን ዘመኑን ሁሉ ሲያስተዳድር የኖረ ገበሬ ለአንድ የእጅ ጉድጓድ ገንዘብ አይታመንም የሚባልበት ምክንያት አልነበረም። ኮሚቴው ገንዘቡን ሲይዝ ጉድጓዱም የእሱ ይሆናል፤ ፓምፑ ሲበላሽ ፕሮጀክቱ እስኪመጣ አይጠብቅም።

በ2011 አሠራሩ ኮዋሽ በሚባል የውሃና የንጽሕና ፕሮግራም ስም ወደ ሌሎች ክልሎች ተሻገረ። በዚህ ጊዜ የግንባታውን ወጪ በዋናነት የኢትዮጵያ መንግሥት ሲሸፍን፣ ፊንላንድ በሥልጠናና በሙያ ድጋፍ ላይ አተኮረች። በ2013 የተጀመረው አገር አቀፉ የዋን ዋሽ ፕሮግራምም ይህን የገንዘብ አለቃቀቅ ከመንገዶቹ አንዱ አድርጎ ተቀበለው።

ከዚህ ጋር የዋሽንግተንን መንገድ እናነጻጽር። የአሜሪካ እርዳታ በድርቅ ዘመን ብዙ ነፍስ አድኗል፤ የኤችአይቪ መድኃኒትም አቅርቧል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን በጥር 2025 ወደ ሥልጣን የተመለሱት ፕሬዚዳንት በመጀመሪያ ቀናቸው የውጭ እርዳታን ለ90 ቀናት አገዱ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 1 የእርዳታ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ። በአሜሪካ ገንዘብ ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞቻችን ሥራቸውን አጡ። ከዚያ በፊትም በትግራዩ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአሜሪካው የአጎዋ የንግድ ዕድል ተሰርዛለች። ጦርነቱን ያላወጀችው የፋብሪካ ሠራተኛ የዋጋው ከፋይ ሆነች።

ፊንላንድም ብትሆን መልአክ አይደለችም። በ2023 ሥልጣን የያዘው መንግሥቷ የልማት ትብብር በጀቷን ቀንሷል። የሀብታም አገር እርዳታ በዚያች አገር መራጭ ስሜት ይሰፋል፣ ይጠባል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ስንት ሚሊዮን ተሰጠ ብቻ አይደለም፤ ሰጪው ሲሄድ ሒሳቡን ማን ይዞ ይቀራል የሚለውንም ነው።

ከነሐሴ 2023 ወዲህ የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ወድቋል፤ መንገድ ሲዘጋ መለዋወጫም ባለሙያም ገጠር አይደርስም። የክልሉና የወረዳ ምክር ቤቶች የፓምፕ መለዋወጫንና የጥገና ባለሙያ ደመወዝን በራሳቸው በጀት ይያዙ፤ የሚዋጉት ወገኖች ሁሉ የውሃ ተቋማትንና ጠጋኞቻቸውን አይንኩ። ይህ የሄልሲንኪንም የዋሽንግተንንም ፈቃድ አይጠይቅም።