ልቤ ድው ድው ይላል... ፍቅር ይሆን?

እሷን ባየ ቁጥር ልቡ ድው ድው ይላል። «ለከፈችኝ!» ብሎ ለጓደኞቹ ያወራል፤ እነሱም ይስቁበታል። ምን ዋጋ አለው! እሷ በሌለችበትም፣ ዳገት ሲወጣም፣ ሌሊት ጋደም ሲልም ልቡ ያው ነው። ከቡሬ ገጠር መጥቶ ፍኖተ ሰላም የሚማር እንዲህ ያለ ወጣት ሳታውቁ አትቀሩም።

እስቲ የእጃችሁን አንጓ በአውራ ጣት በኩል በሁለት ጣት ዳበስ አድርጉ። ያረፈ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ፍቅርም፣ ቡናም፣ ፈተናም ያፈጥኑታል፤ ምቱ ግን እኩል ነው። ከትንፋሽ ጋር ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢልም በወጣት ላይ ያለ ነው። የሚያሰጋው እንደ ሰካራም እርምጃ ወጥነት ሲያጣ ነው።

ይህን የሚለየው ኢ.ሲ.ጂ. የተባለው ምርመራ ነው። የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ ይሥላል፤ አያምም፣ ጊዜም አይፈጅም። በተለመደው የወረቀት ፍጥነት አንዱ ትልቅ ካሬ 0.2 ሴኮንድ ነው። ምቱ እኩል ከሆነ በሁለት ረጃጅም ጫፎች መካከል ያሉትን ትልልቅ ካሬዎች ቁጠሩና 300ን አካፍሉበት። አራት ካሬ ቢሆን 75 ምት ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ጫፍ በፊት «ፒ» የምትባል ትንሽ ጉብታ አለች። እሷ ጠፍታ የጫፎቹ ርቀት ከተዘበራረቀ፣ የልብ የላይኛው ክፍል እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። እዚያ የረጋ ደም ወደ አንጎል ሄዶ ሰውን ሽባ ሊያደርግ ይችላል!

ታዲያ ወጣት ላይ ከየት መጣ? በአገራችን አንዱ ዋና ምክንያት በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። ባክቴሪያው የሚያስከትለው የሩማቲክ ትኩሳት ከዓመታት በኋላ የልብን ቫልቭ ያበላሻል። በገጠር ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥሉን ማስቆረጥ የቆየ ልማድ ነው። እንጥል ሲቆረጥ ግን ባክቴሪያው አይቆረጥም! በጊዜው የተሰጠ ፔኒሲሊን ይህን ጣጣ ሊያስቀር ይችላል። ቫልቩ መጎዳቱ የሚታየው ደግሞ ኢኮ በሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ነው።

እናም ልባችሁ ያለ ምክንያት ከዘለለ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ ሆስፒታል ሂዱ። ራስ መሳት ወይም የደረት ሕመም ከታከለበት «ነገ» አትበሉ። ጠበሉም ይቀጥል፣ ምርመራው ግን አይቅር።

ልባችሁን ለእሷ ከመስጠታችሁ በፊት ለሐኪም አሳዩት!