ሳጥኑ ባጃጅ ላይ ይወጣል?

አዳማ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ላይ በሁለት ምዕራፍ የተተከሉት 136 የነፋስ ተርባይኖች 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ከኮረብታዎቹ በታች፣ በየሠፈሩ ግንባታ ላይ የሚውለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የቧንቧ ሠራተኛና በያጅ ግን ያንኑ ነፋስ በሌላ ፊቱ ያውቀዋል። በበጋ የሚያነሳው አቧራ ትራፓኖው ውስጥ፣ የፒንሳው ማጠፊያ ላይ፣ የቴስተሩ ጫፍ ላይ ገብቶ ያድራል።

አቧራው ደግሞ እንደ ሌላው አገር አቧራ አይደለም። የስምጥ ሸለቆው አፈር እሳተ ገሞራ የተፋው አመድና ፑሚስ አለበት። በአዳማና በሞጆ አካባቢ እየተቆፈረ ለብሎኬት ማምረቻ የሚጫነው ፑሚስ ይኸው ነው። በተፈጥሮው መስታወት በመሆኑ፣ ደቅቆ ከግራሶ ጋር ሲደባለቅ ብረት ይሞርዳል፤ የትራፓኖውንም ኩሽኔታ ቀስ በቀስ ይበላል። እዚህ አገር የዕቃ መያዣ የሚመርጥ ባለሙያ ስንት ዕቃ እንደሚይዝ ከመጠየቁ በፊት ክዳኑን መመርመር የሚኖርበት ለዚህ ነው።

ብዙዎች ዕቃቸውን የሚይዙት በማዳበሪያ ወይም ቀለም ባለቀበት ባልዲ ነው። ባልዲውን መናቅ አይገባም። ለግንበኛና ለሴራሚክ አንጣፊ ከእሱ የሚሻል የለም፤ ዕቃው እርጥብ ነው፣ ታጥቦም ይገባል። ማዳበሪያው ግን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠላቱ ነው። ካቻቢቴው የቴስተሩን ገመድ ይወጋዋል፤ የሚፈለገው ዕቃም ሁልጊዜ ከታች ስለሚሆን መሰላል ላይ የቆመው ሰው እየጠበቀ ረዳቱ ሁሉንም መሬት ላይ ይዘረግፋል። አቧራውን የሚያነሳውም ይኸው መዘርገፍ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምርጫ የላሜራ ሳጥን ነው። በያጅ ያለበት ከተማ ሁሉ ይሠራዋል፤ ሲሰበርም እዚያው ይጠገናል። ችግሩ ክብደቱ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ስፋትና 30 ቁመት ያለው ሳጥን 0.9 ካሬ ሜትር ላሜራ ይወስዳል። የ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር 7.85 ኪሎ ስለሚመዝን ባዶው ሳጥን 7 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ በ1.5 ሚሊ ሜትር ከተሠራ ከ10 ኪሎ ያልፋል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም፣ ሁኔታው ሁሉ ተመቻችቶ ሳለ እንኳ አንድ ሰው እንዲያነሳ የሚመክረው ከፍተኛ ክብደት 23 ኪሎ ነው። ጂራቱቦ፣ መዶሻና ትራፓኖ የታጨቀበት ትልቅ የላሜራ ሳጥን ይህን በቀላሉ ያልፋል፤ መወጣጫው ገና እንጨት በሆነ ሕንፃ ላይ ደግሞ ምንም የተመቻቸ ነገር የለም።

እዚህ ላይ ባጃጁ ይመጣል። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ ባለሙያውን ከሥራ ሥራ የሚያደርሰው ባጃጅ ነው። የኋላው ወንበር ለሦስት ሰው ነው። ሳጥኑ እግር ሥር ካልገባ አንድ ሰው ቦታ ይይዛል፤ ሾፌሩም «ጋሼ፣ ለዕቃው ይከፈላል» ማለቱ አይቀርም፣ እውነቱንም ነው። ስለዚህ ሳጥን የሚያሠራ ሰው ሜትሩን መጀመሪያ ወደ ባጃጁ ወለል ቢወስድ ይበጀዋል።

በውጭው ዓለም መፍትሔ የተፈለገው አንዱን ትልቅ ሳጥን በመከፋፈል ነው። ጀርመኖች ሲስቴነር የተባለውን እርስ በርስ የሚቆለፍ ሳጥን በ1993 እ.ኤ.አ. አወጡ፤ የአሜሪካው ሚልዋኪ ፓክአውትን በ2017 አቀረበ። ከእነዚህ መሰል ሳጥኖች አንዳንዶቹ አይፒ 65 የሚል ምልክት አላቸው፤ 6 ቁጥሯ አቧራ ጨርሶ አይገባም ማለት ናት። ጥሩ ዕቃዎች ናቸው። ነገር ግን የፕላስቲክ መቆለፊያው ሲሰበር መለዋወጫው አዳማ ላይ በቀላሉ አይገኝም፤ ጎማ ያለው መጎተቻም ኮብል ድንጋይና ጠጠር ላይ ብዙ አያገለግልም።

መውሰድ የሚገባው ሐሳቡን ነው፦ ዕቃን በሥራ ዓይነት መክፈል። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ አንዱ ትንሽ ሳጥን የቱቦ መቅበሪያውን ዕቃ፣ መሮና መዶሻውን ይያዝ፤ ሌላው የገመድ መሳቢያውንና የማገናኛውን፤ ቴስተሩ ከከባድ ብረት ጋር ፈጽሞ አይደር። ሁለቱንም የ0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይበቃቸዋል። ክዳኑ ወደ ታች ታጥፎ የሳጥኑን አፍ እንዲያቅፍ ይደረግ፤ ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ በማስቲሽ ዙሪያውን ይለጠፍበት። የአይፒ ማረጋገጫ አያሰጥም፤ ለአዳማ አቧራ ግን ይሠራል።

ከከተማ ሲወጡ ጥያቄው ይለወጣል። ከአዳማ እስከ ባቱ የአበባ እርሻዎች ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የተረሳ አንድ መገጣጠሚያ የቀን ሥራ ያስቀራል። ለእንዲህ ያለው መንገድ የመለዋወጫ ሳጥን ለብቻው ሊኖር ይገባል፤ ማታ ማታም የጎደለው ይሞላ። መተሐራን በመሰለ ሞቃት ከተማ የትራፓኖ ባትሪ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተው፤ ሊቲየም በሙቀት ዕድሜው ያጥራል። ሳጥኑን ነጭ መቀባት ይረዳል።

ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ለሚሠራው በያጅ ደግሞ እርጥበቱ ይብሳል። 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ እርጥበት ከሳበ ብየዳው ከላይ አምሮ ከውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። የተለመደው ባለ 3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ 35 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው። የተከፈተውን ፓኮ 40 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ሁለት ጫፉ በተከደነ የፒቪሲ ቧንቧ ውስጥ ማስቀመጥ ከአየሩ ያርቀዋል፤ 60 ሳንቲ ሜትሩ ሳጥን ውስጥም ተጋድሞ ይገባል። ቀድሞ እርጥበት የነካውን ግን ቧንቧው አያድነውም፤ እሱ በምድጃ መድረቅ ወይም ጭነት ለማይሸከም ሥራ መዋል አለበት።