ስለ ድንበሩ ደዌ የፎገራ ወጣት ይጠየቅ

ወረታ ሦስት መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። አንዱ ከወልድያ ተነሥቶ በደብረ ታቦር አልፎ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ከባሕር ዳር ይመጣል፤ ሦስተኛው በአዲስ ዘመን ከተማ አድርጎ ወደ ጎንደር ይዘልቃል። ክረምት ሊገባ ሲል በዚህ መገናኛ ጥቂት ሰዓት የቆመ ሰው፥ ጋቢያቸውን በትከሻቸው የጣሉ፥ ስንቃቸውን በከረጢት የቋጠሩ ጐበዛዝት መኪና ሲጠብቁ ያያል። ጉዟቸው በአዘዞ በኩል ወደ መተማ ነው፤ ከዚያም እንደ ሥራው ሁኔታ አንዳንዱ ወደ ቋራ፥ አንዳንዱ ወደ ሁመራ፥ አንዳንዱም ጋላባትን ተሻግሮ ወደ ሱዳን እርሻ ይሄዳል። ሰሊጡን አርመው፥ አጭደውና አራግፈው በኅዳርና በታኅሣሥ ይመለሳሉ። ያገኙት ደመወዝ ለበሬ መግዣ፥ ለጎጆ መውጫ ወይም ለታናሽ ወንድም ትምህርት መርጃ ይሆናል። ከመካከላቸው ግን የኬላ ጠባቂ ፈትሾ የማያገኘውን ነገር በደሙ ይዞ የሚመለስ አለ።

ይህ ነገር ካላ አዛር የሚባለው ደዌ ነው። ለዓይን እጅግ ያነሰች የአሸዋ ዝንብ በንድፊያዋ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ታስተላልፈዋለች። የተያዘው ሰው ለብዙ ሳምንት ያተኩሰዋል፤ ሥጋው ይመነምናል፤ ጣፊያው ያብጥና ሆዱ ይነፋል፤ ካልታከመም አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። ዝንቢቱ የቆላውን የዋልካ መሬት ስንጥቅና የግራሩን ጥላ ትወዳለች። በሁመራና በመተማ ከደጋ በወረዱ ሠራተኞች ላይ ደዌው ጐልቶ የታየው በ1960ዎቹ ዓመታት ሲሆን፥ በፎገራና በሊቦ ከምከም ግን የታወቀ በሽታ አልነበረም።

በግንቦት 1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የወባ መድኃኒት የማይመልሰው ትኩሳት ብዙ ሰው ስለ ጨረሰ ምርመራ ተደረገ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ መድኃኒት የለመደ ወባ ነው ተብሎ ይገመት የነበረው በሽታ ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው ማኅበር በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ሕክምና አቋቋመ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከሁለት ሺህ የሚበልጥ ሕመምተኛ ተቈጠረ። ሊቃውንቱ የደረሱበት ግምት፥ ደዌው ወደዚህ የመጣው ከመተማና ከሁመራ በሚመለሱ ሠራተኞች ሳይሆን አይቀርም የሚል ነበር። ከገባ በኋላ ግን የሄደውንና ያልሄደውን አልለየም፤ ከቀዬው ያልወጣ ሕፃን ሳይቀር ታመመ። ከግራር ሥር ማደርም ለበሽታው ከሚያጋልጡት ምክንያቶች አንዱ መሆኑ ታወቀ።

እንግዲህ ይህ ችግር የፎገራ ብቻ አይደለም፤ የኢትዮጵያም ብቻ አይደለም። ከድንበሩ ማዶ ያለው የገዳሪፍ አገር በሱዳን ካላ አዛር ከሚበዛባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። አፈሩ ያው ዋልካ፥ ዛፉ ያው ግራር፥ ዝንቢቱም ያችው ናት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ በመተማ በኩል የሚገባው ስደተኛ ስለ በዛ፥ የሁለቱ አገሮች ጤና ከቀድሞው ይበልጥ የተሳሰረ ሆኗል። መንግሥታትም ዝም አላሉም። የኢጋድ አባል አገሮች ሚኒስትሮች በየካቲት 2012 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ስለ ሰዎች ነጻ እንቅስቃሴ የተጻፈውን ስምምነት ተቀብለዋል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በ2016 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪቃ አገሮች ካላ አዛርን ለማጥፋት በአንድነት የሚሠሩበትን መመሪያ አውጥቷል። ሁለቱም መልካም ጽሑፎች ናቸው፤ ነገር ግን ከግራሩ ሥር አድሮ የማያውቅ ሰው የጻፈው ደንብ ምንጊዜም አንድ ነገር ይጐድለዋል።

የጐደለውን ነገር የሚያውቀው ያ በወረታ መገናኛ መኪና የሚጠብቀው ወጣት ነው። ሌሊቱን የት እንዳደረ፥ አጎበር ተሰጥቶት እንደ ሆነ፥ ቢሰጠውም የሚሰቅልበት ማገር ነበረ ወይስ አልነበረ፥ ትኩሳት በጀመረው ጊዜ ባለ እርሻው ወደ ሐኪም ለቆት እንደ ሆነ ወይም ደመወዙ እንዳይቀር ሕመሙን ደብቆ እንደ ሆነ፥ ይህን ሁሉ ከእርሱ በቀር ሊናገር የሚችል የለም። ሕክምናውም ቀላል አይደለም። ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድነት ሲሰጡ ዐሥራ ሰባት ቀን በየቀኑ መርፌ መወጋትን ይጠይቃል። የመኸር ሠራተኛ ዐሥራ ሰባት ቀን ከሥራ ሲለይ ምን እንደሚበላ በመመሪያው ያልተጻፈ ቢሆን፥ ጠያቂው መንገድ ስቶ ነው እንጂ መላሹ ጠፍቶ አይደለም።

በዚህ ላይ አንዳንድ ሊቃውንት የሮብዓምን ታሪክ ማንሣታቸው የማይቀር ነው። የሽማግሌዎቹን ምክር ትቶ የብላቴኖቹን ምክር በመከተሉ መንግሥቱ መከፈሉ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩን በደንብ የመረመረ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። እነዚያ ብላቴኖች ከንጉሡ ጋር በቤተ መንግሥት ያደጉ፥ ቀንበሩን ተሸክመው የማያውቁ ነበሩ፤ ጥፋታቸውም ወጣትነታቸው ሳይሆን በሌላው ጫንቃ ላይ ያለውን ሸክም በመገመታቸው ነው። በሶስና ፍርድ ጊዜ ደግሞ የሁለቱን ሽማግሌዎች ሐሰት ለያይቶ በመጠየቅ የገለጠው ዳንኤል ገና ወጣት ነበረ። የፎገራው ጐበዝ ከዳንኤል ባይተካከልም፥ ከሮብዓም ባልንጀሮች ግን ይለያል፤ ቀንበሩን ያውቀዋልና።

በአገራችንም ምሳሌ አልታጣም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ ቀረጥ፥ ስለ ገንዘብና ስለ ትምህርት ለመንግሥት ይበጃል ያለውን ሁሉ ጽፎ በ1911 ዓ.ም. ሲሞት ገና በጉልማስነቱ ነበረ፤ መጽሐፉ የታተመው ግን በ1916 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ ነው። ምክሩ ሳይደመጥ መካሪው አለፈ። በጎንደርም በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በተቋቋመ ጊዜ፥ ወጣቶች ተማሪዎች በቡድን ሆነው በየገጠሩ እየሠሩ ይሠለጥኑ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ ወባ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ስለ ነበር፥ የኮሌጁ መቋቋም ከዚያ መከራ ጋር ይያያዛል።

የሕግ ፈቃድም አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወጣቶች ፖሊሲ ከዐሥራ አምስት እስከ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያለውን ሁሉ ወጣት ብሎ ይቈጥራል፤ በአገሩም ጉዳይ ተካፋይ እንዲሆን ይፈልጋል። የአፍሪቃ ኅብረት በሰኔ 1998 ዓ.ም. ባንጁል ላይ የተቀበለው የወጣቶች ቻርተርም ይህንኑ ተሳትፎ መብት አድርጎ አስፍሮታል። ይሁን እንጂ ወጣት ተጠርቶ በአዳራሽ ሲቀመጥና ሲያጨበጭብ መዋሉ ምክር መስጠት አይባልም።

ምክሩ የሚገኝበት ጊዜ በዓመት ሁለት ነው። አንዱ በግንቦት፥ ሳይሄዱ በፊት፤ ሁለተኛው በታኅሣሥ፥ ከተመለሱ በኋላ። የወረዳው ሹም በእነዚህ ወራት በየቀበሌው አንድ ቀን ሰጥቶ፥ ሰምቶ፥ በጸሐፊ አስጽፎ፥ ለዞኑና ለክልሉ፥ ከዚያም ከሱዳን ሹማምንት ጋር ለሚነጋገሩት ቢልክ ወጪው ከወረቀትና ከቀለም እምብዛም አይበልጥም። ከሚጻፈው ውስጥ የማይረባ አይጠፋም፤ ግራሩ ሁሉ ይቈረጥ የሚል፥ መንገዱ ይዘጋ የሚልም ይገኛል። ነገር ግን ከመተማ የተጀመረ መርፌ በአዲስ ዘመን እንዲፈጸም፥ ከገዳሪፍ የተመለሰም ሕክምናው ከጫፍ እንዳይጀመርበት በሁለቱም አገር የሚታወቅ የሕክምና ወረቀት ይሰጠን የሚል ቢነሣ፥ ይህ የሚኒስትሮች ጉባኤ ሊነጋገርበት የሚገባ ቃል ነው። አጎበር የማይሰጥ ባለ እርሻ ሠራተኛ አይቅጠር የሚል ቢኖርም እንደዚሁ።

ካህናትም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው፤ ምናልባትም ከሹሙ የሚበልጥ። ወጣቱ ሲሄድ የሚሰናበተው የነፍስ አባቱን ነው፤ ትኩሳት ይዞት ሲመለስም ብዙ ጊዜ ከጤና ጣቢያ በፊት የሚሄደው ወደ ጠበል ነው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች ጠበሉን እየተጠመቁ መድኃኒቱንም እንዲወስዱ መምከራቸው የሚታወስ ነው። ካላ አዛርና ኤች አይ ቪ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ሕመሙ እጅግ የሚጸና ስለ ሆነ፥ ያ ምክር ለዚህም ደዌ ይሠራል። የነፍስ አባት ከመተማ የተመለሰ ልጁን፦ «ትኩሳቱ ስንት ሳምንት ሆነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ አንዳንድ ጊዜ ከመርማሪው ይቀድማል።

ሌላም ነገር አለ። በ1970ዎቹ ዓመታት በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ረዳትነት በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት የተሞከረው ሩዝ ዛሬ የፎገራን ሜዳ ሸፍኖታል፤ የአገሪቱም የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል በወረታ ይገኛል። ሩዝ አረሙ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ልጆቹን ወደ ቆላ የሚልከው ፎገራ ራሱ በክረምት ከደጋ የሚወርዱ ሠራተኞችን ይቀጥራል። እነዚያም በአረሙ ወራት በርብና በጉማራ ዳር ሲያድሩ፥ አጎበር ያላቸው ስንቶቹ እንደ ሆኑ ለመጠየቅ ወደ መተማ መሄድ አያስፈልግም።