ከኪሮሽ የምትሠራ ትንሽ ዱባ፤ ሕፃን ላለበት ቤት

በመስከረምና በጥቅምት ወር አሜሪካ የሚገኙ ኢትዮጵያውያን አያቶች ብዙ ናቸው። አንዷ የወለደች ልጇን ልታርስ፣ ሌላዋ ወላጆች ሥራ ሲውሉ የልጅ ልጆቿን ልትጠብቅ ትሄዳለች። ሲልቨር ስፕሪንግም ይሁን አሌክሳንድሪያ ደርሰው ጥቂት ሳምንት ሳይቆዩ የጎረቤቱ ደጅ ሁሉ በዱባ፣ በሸረሪት ድርና በአጽም ምስል ይሞላል። ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅም “እኛ ቤትስ ምን እናደርጋለን?” ማለቱ አይቀርም። አያት እንግሊዝኛ አትችልም፣ ልጁም አማርኛው ቶሎ ያልቅበታል። ቀኑ ደግሞ ረጅም ነው።

እንዲህ ላሉ አያቶችና ለወላጆች የምመክረው አንድ የእጅ ሥራ አለ። ጡጫ የምታህል፣ በኪሮሽ የምትሠራ ዱባ ናት። ኪሮሽ ይዞ ለማያውቅ ሰው ሁለት ሦስት ምሽት ትበቃዋለች። ዳንቴል ለለመደ እጅ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ናት። ብዙ ዓመት በነርስነት ያገለገልኩ በመሆኔ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። ጌጧ መሠራት ያለባት በቤቱ ውስጥ ያለው ትንሹ ልጅ ታስቦ ነው። ለጌጥ ብለን ያስቀመጥነው ነገር ዞሮ ዞሮ ሕፃን አፍ ውስጥ እንደሚገባ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ሃሎዊን ምንድን ነው?

ሃሎዊን በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31 ቀን የሚውል ሲሆን በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ጥቅምት 20 ይሆናል። ስሙ የመጣው ኖቬምበር 1 ቀን ከሚከበረው የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ነው። ከዚያ በፊትም በአየርላንድና በስኮትላንድ የመኸር ማብቂያና የክረምት መግቢያ የሚከበርበት ሳውን የሚባል ጥንታዊ በዓል ነበር። አይሪሾች እንደ ቀይ ሥር ያለ የሥር አትክልት ቦርቡረው መብራት ያደርጉበት ነበር። ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ ትልቅና ለመቦርቦር የሚቀል ዱባ አገኙ። የሃሎዊን ዱባ የመጣው እንዲህ ነው።

የሚገርመው ዳንቴልም ከዚያው አገር ታሪክ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። በፈረንጆቹ 1840ዎቹ አየርላንድን በመታው ታላቅ ረሃብ ጊዜ ብዙ ሴቶች በኪሮሽ ዳንቴል እየሠሩ በመሸጥ ቤተሰባቸውን አስተዳድረዋል።

በዚያ ምሽት ልጆች ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው ከቤት ቤት እየዞሩ ከረሜላ ይቀበላሉ። በቡሄ ጅራፍ ሲያጮኹ ከርመው በየደጁ እየጨፈሩ ሙልሙል የሚቀበሉ ልጆችን ላሳደገች አያት ነገሩ ያን ያህል እንግዳ አይደለም።

በእምነታቸው ምክንያት ሃሎዊንን የማይወዱ ቤተሰቦች አሉ፤ ይህ የየቤቱ ውሳኔ ነው። አያት ከልጇ ወይም ከምራቷ ጋር በዚህ ጉዳይ ባትነታረክ ይሻላል። ዱባን የመረጥኩትም አንዱ ለዚህ ነው። ፊት ካልተጠለፈባት ዱባ ዱባ ናት፤ የመኸር ፍሬ፣ ለእኛም የጾም ወጥ። በኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ እስከሚከበረው ታንክስጊቪንግ ድረስ ጠረጴዛ ላይ ብትቆይ ማንም ቅር አይለውም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ብርቱካናማ መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር ይግዙ። አሜሪካ ውስጥ በማሸጊያው ላይ 4 ቁጥር የተጻፈበት ነው። ከአንድ 100 ግራም ጥቅል ከሦስት በላይ ዱባ ይወጣል። ኪሮሹ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ቁጥሩ እጀታው ላይ ተጽፏል። ለጠረጴዛ ልብስ ዳንቴል የምንጠቀምበት ቀጭኑ የብረት ኪሮሽ ለዚህ ክር አይሆንም። በተጨማሪ ጫፉ የደነዘ ወፍራም መርፌ፣ መቀስና ለመሙያ የሚሆን የትራስ ፋይበር ያዘጋጁ። ለመጀመሪያ ሥራ ጥቁር ክር አይምረጡ። በተለይ ማታ ማታ ስፌቱ ስለማይለይ ዓይን ያደክማል።

አሠራሩ

1. ክሩን አጥፈው የሚጠብቅ ቀለበት ሠርተው ኪሮሹ ላይ ያስገቡ። ክሩን በኪሮሹ ጠምዝዘው በቀለበቱ ውስጥ ሲስቡት አንድ ሰንሰለት ይሆናል። እንዲህ እያሉ 16 ሰንሰለት ይሥሩ። ጀማሪ ከሆኑ እጅዎ እስኪፍታታ ሰንሰለቱን ደጋግመው ሠርተው ይፍቱት።

2. ኪሮሹ ላይ ያለውን ቀለበት ሳይቆጥሩ ከኪሮሹ በኩል ሁለተኛው ሰንሰለት ውስጥ ኪሮሹን ያስገቡና ክር ይሳቡ። አሁን ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት አለ። እንደገና ክር ጠምዝዘው በሁለቱም ውስጥ አንድ ላይ ያውጡት። አንድ አጭር ስፌት ይህ ነው። እስከ ሰንሰለቱ መጨረሻ 15 አጭር ስፌት ይኖርዎታል።

3. አንድ ሰንሰለት ሠርተው ሥራውን ያዙሩ። ከላይ ሲያዩት እያንዳንዱ ስፌት ሹሩባ እንደተሠራ ፀጉር ሁለት ክር አለው። ከእርስዎ ራቅ ያለውን የኋለኛውን ክር ብቻ እየያዙ 15 አጭር ስፌት ይሥሩ። የዱባዋን ሸንተረር የሚያወጣው ይህ የኋላ ክር ነው።

4. በዚሁ መንገድ 30 መስመር ይሥሩ። በየመስመሩ መጨረሻ 15 መሆኑን ይቁጠሩ። ሥራው እየጠበበ ከሄደ የመስመሩ የመጨረሻ ስፌት እየተዘለለ ነው ማለት ነው። ሲያልቅ 20 ሴንቲ ሜትር በ10 ገደማ የሆነ ቁራጭ ያገኛሉ። የእጅ አጠባበቅ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ትንሽ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ችግር የለውም።

5. ክሩን 40 ሴንቲ ሜትር ያህል አስተርፈው ይቁረጡ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን መስመር አገጣጥመው በመርፌ ሲሰፉት ሁለቱም አፉ ክፍት የሆነ ቱቦ ይሆናል። በአንደኛው አፍ ዙሪያ መርፌውን ወጣ ገባ እያደረጉ ይስፉና እንደ ከረጢት አፍ ስበው ይዝጉት። ሁለት ሦስት ጊዜ ደግመው ሰፍተው ይቋጩ።

6. ገልብጠው ፋይበሩን ጥቂት ጥቂቱን እየበታተኑ ይሙሉ። ሌላኛውንም አፍ በሌላ ክር እንዲሁ ይዝጉ። ከዚያ መርፌውን ከታች መሃል አስገብተው ከላይ መሃል አውጥተው ጠበቅ ሲያደርጉት ዱባዋ ጎድጎድ ትላለች። ክሩን በውጭ በኩል በሸንተረሩ ላይ እያዞሩ አምስት ስድስት ጊዜ ቢደግሙት እንደ እውነተኛ ዱባ ትከፋፈላለች።

7. ለአንገቷ በቡናማ ክር 7 ሰንሰለት ሠርተው በ6 ስፌት አምስት መስመር ይሥሩ፤ ጠቅልለው አናቷ ላይ አጥብቀው ይስፉት። ከ3 ዓመት በታች ልጅ ካለ ግን አንገቱን ይተዉትና አናቷ ላይ በአረንጓዴ ክር ቅጠል ይጥለፉባት። ተገንጥሎ የሚወድቅ ነገር አይኖራትም።

ስትጨርሱ በሁለት እጅ ጨመቅ አድርጓት። በስፌቶቹ መካከል ነጭ ፋይበር ብቅ ካለ ስፌቱ ልል ነው፤ ቀጣዩን በ4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ሥሩ።

ሕፃን ባለበት ቤት

በአሜሪካ ሕግ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚሠራ መጫወቻም ሆነ ከእሱ የሚላቀቅ ክፍል ስፋቱ 3.17 ሴንቲ ሜትር በሆነ ትንሽ መለኪያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባት የለበትም። የሚገባ ከሆነ ሕፃን ሊያንቅ ይችላል ማለት ነው። ቤት ውስጥ የመጸዳጃ ወረቀት ሲያልቅ የሚቀረው ካርቶን ጥሩ መለኪያ ነው፤ ከሕጉ መለኪያ ትንሽ ስለሚሰፋ ይበልጥ ያስጠነቅቃል። ዱባዋ አትገባበትም። ቁልፍ፣ ዶቃና የፕላስቲክ ዓይን ግን ይገባሉ። ስለዚህ ዓይንና አፍ ማድረግ ከፈለጋችሁ በክር ጥለፉት። የሚቆለፉ የፕላስቲክ ዓይኖች አስተማማኝ ተብለው ቢሸጡም ሲጎተቱ በላላ ስፌት ውስጥ ሾልከው ይወጣሉ።

በፋይበር ፈንታ ባቄላ ወይም ምስር አትሙሉ። ከልጅ አፍንጫና ጆሮ እህል ማውጣት በጤና ጣቢያ የዘወትር ሥራችን ነበር። እህል ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል።

ዱባዎቹን በገመድ ደርድራችሁ የምትሰቅሉ ከሆነ ሕፃን ሊደርስበት ከማይችል ከፍታ ላይ ይሁን። ከ30 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ገመድ አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል። በሕፃን አልጋ ላይ ምንም አይሰቀል፤ አልጋው ውስጥም ምንም ዓይነት ለስላሳ ነገር አይቀመጥ። ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን የሚተኛበት አልጋ ከፍራሽና ከተወጠረ አንሶላ በቀር ባዶ መሆን አለበት።

ሰው ሠራሽ ክር እሳት ሲነካው ስለሚቀልጥ ዱባዋን ከሻማ አርቁ። በሻማ ፈንታ የሚሸጡት ትንንሽ የባትሪ መብራቶች ደግሞ ሌላ አደጋ አላቸው። በብዙዎቹ ውስጥ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ባትሪ አለ። ሕፃን ከዋጠውና ጉሮሮው ላይ ከቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥለው ይችላል። የባትሪው ክዳን በብሎን የሚታሰረውን ብቻ ግዙ። ልጁ ባትሪ መዋጡን ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ለማስመለስም አትሞክሩ። በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት።

ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ መርፌና መቀስ ከሥራ በፊትና በኋላ ይቆጠራል። ቤትም እንዲሁ አድርጉ። ሥራ ስትጀምሩ መርፌውን ቁጠሩ፣ ስትጨርሱም ቁጠሩና ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጡ። ሶፋ ላይ የተሰካ መርፌ የሚገኘው ሕፃኑ ሲቀመጥበት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎም ሕፃን ቢታነቅ፣ ማለትም ማልቀስም ማሳልም ካቃተው፣ አንድ ሰው 911 ይደውል። ከ1 ዓመት በታች ከሆነ በክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኝታችሁ፣ ራሱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፋችሁ 5 ጊዜ ምቱት። ካልወጣ አገላብጣችሁ የደረቱን መሃል 5 ጊዜ ጫኑ። እቃው እስኪወጣ ሁለቱን አፈራርቁ። ከ1 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ከ5 ጊዜ የጀርባ ምት በኋላ ከኋላው አቅፋችሁ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ሆዱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ጫኑት። የማይታያችሁን ነገር ለማውጣት ጣት አትስደዱ። ልጁ ራሱን ከሳተ 911 ላይ ያለው ባለሙያ የሚላችሁን አድርጉ።

የአያት እጅ፣ የልጅ እጅ

የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባችሁ እጀታው ወፍራምና ለስላሳ የሆነ ኪሮሽ ግዙ። ከ20 ደቂቃ በላይ ሳታቋርጡ አትሥሩ፤ ተነስታችሁ ጣታችሁን ዘርጋ ጨበጥ አድርጉ። ጠዋት እጅ ተሳስሮ የሚያድር ከሆነ በሞቀ ውሃ ነክራችሁ ጀምሩ። ስኳር ያለባችሁና ጣታችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ መርፌው የፕላስቲክ ይሁን፤ ብረት ሲወጋ ላይሰማችሁ ይችላል።

ልጁም የሚሠራው አለ። የ4 ዓመት ልጅ ፋይበር ይበታትናል፣ ይሞላል። የ5 ወይም የ6 ዓመት ልጅ ያለ ኪሮሽ በጣቱ ብቻ ሰንሰለት መሥራት ይችላል። ከ7 ወይም ከ8 ዓመት ጀምሮ ብዙ ልጆች ኪሮሽ ይይዛሉ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ልጅ ከጎናችሁ ይቀመጥ። ግራኝ ከሆነ ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡት፤ እንደ መስታወት እያየ ይከተላችኋል።

ቁጥሩን በአማርኛ ቁጠሩ። 15 ስፌት በ30 መስመር ሲሠራ ልጁ ከአንድ እስከ አሥራ አምስት ሠላሳ ጊዜ ይሰማል። ዱባዋ ሳታልቅ አብሯችሁ መቁጠሩ አይቀርም። ክር፣ መርፌ፣ ሳብ፣ አዙር፣ ቁጠር የሚሉት ቃላትም በቃል ትምህርት ከሚሰጡት ይልቅ እጅ ላይ ሲሠራባቸው ይያዛሉ።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለልጅ ልጅ መላክ የምትፈልጉ አያቶች ዱባዋን እስከ 5ኛው ተራ ሠርታችሁ አንደኛውን አፍ ክፍት ተዉት። ሳትሞላ ጠፍጣፋ ስለሆነች ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን ቦታ አትይዝም። የመርፌውን ክር አስተርፉበት። እዚያ የሚሞላትና አፏን የሚዘጋው ልጁ ከእናቱ ጋር ይሁን፤ ስልክ ደውላችሁ እያያችሁ ታስጨርሱታላችሁ።