ስለ ደም በቀልና ስለ ፍርድ

ሕፃን አስቀድሞ ድኾ ኋላ ቆሞ እንደሚሄድ፥ የሰው ልጅም ክፉውን ከደጉ መለየትን የተማረው በብዙ ዘመን ቀስ በቀስ ነው። ይህንንም ለማስረዳት የደም በቀልን ነገር መመልከት ይበቃል።

በጥንት ዘመን ዳኛ በሌለበት አገር ሰው ቢገደል፥ የሟች ወገን ደም መላሽ ሆኖ ይነሣ ነበር። ገዳዩን ቢያጣው ወንድሙን ወይም የአጎቱን ልጅ ይገድላል፤ የዚያም ወገን በተራው ይበቀላል። ደም መላሹም ይመሰገን ነበር እንጂ አይነቀፍም፤ ስለ ምን ቢሉ፥ ወገንን ከጥቃት የሚጠብቅ ሌላ ኃይል አልነበረምና።

ሁለተኛው ደረጃ በቀልን በልክ መወሰን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1750 ዓመት ገደማ የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ ሕጉን በጥቁር ድንጋይ አስቀረጸ፤ ድንጋዩም በ1894 ዓ.ም. በፋርስ አገር በሱሳ ተገኝቶ ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል። በዚህ ሕግ የጨዋ ሰውን ዓይን ያጠፋ የራሱ ዓይን ይጠፋ ነበር፤ ይኸውም ስለ አንድ ዓይን ነፍስ መግደል ቀረ ማለት ነው። ነገር ግን የተራ ሰውን ዓይን ያጠፋ ግማሽ ኪሎ ያህል ብር መዝኖ፥ የባሪያን ዓይን ያጠፋ የዋጋውን እኩሌታ ከፍሎ ይለቀቅ ነበር። ደግሞም ግንበኛ የሠራው ቤት ወድቆ የባለቤቱን ልጅ ቢገድል፥ የሚገደለው የግንበኛው ልጅ ነበር።

ሦስተኛው ደረጃ በደልን በበደለኛው ላይ ብቻ ማድረግ ነው። ኦሪት አባት ስለ ልጁ፥ ልጅም ስለ አባቱ እንዳይገደል አዘዘ፤ ሳያስብ ነፍስ ላጠፋም 6 የመማፀኛ ከተሞች ተለዩለት። እንዲህም የተደረገውን ነገር ብቻ ሳይሆን የአድራጊውን ልብ መመርመር ተገባ።

አራተኛው ደረጃ በቀልን ከወገን እጅ ወስዶ ለዳኛ መስጠት ነው። በአገራችን በቀድሞ ዘመን ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ዘመዶች ይሰጥ ነበር፤ እነርሱም ወይ ይገድሉታል፥ ወይ የደም ዋጋ ተቀብለው ይምሩታል። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1923 ዓ.ም. ወጣ፤ በ1949 እና በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በሌላ ተተካ። ዛሬ ቅጣትን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው።

ሆኖም የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደ ተባለው፥ ሕጉ በመጽሐፍ ተጽፎ ሳለ ቂም በልብ ይቀመጣል፤ ደም መመለስም በአንዳንድ ስፍራ ፈጽሞ አልጠፋም። ልጆች ሆይ፥ አባቱ ወገናችሁን የበደለ ልጅ ዛሬ በትምህርት ቤት ከአጠገባችሁ ተቀምጦ ይሆናል፤ እርሱ ግን ምንም አልበደላችሁም። ይህን ያስተዋለ ተማሪ፥ ሰዎች ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ የደከሙበትን ትምህርት አገኘ።