ያውቁ ኖሯል? ሎዛ አበራ በደሴቲቱ አገር ማልታ ሻምፒዮን ሆናለች

ከዱራሜ የተነሳችው የኢትዮጵያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን (የሉሲዎቹ) አጥቂ ሎዛ አበራ እ.ኤ.አ. በ2019/20 የውድድር ዘመን ለማልታው ክለብ ቢርኪርካራ ተጫውታ የሊጉ ሻምፒዮን ሆናለች፤ በኮከብ ግብ አስቆጣሪነትም አጠናቃለች። «በደካማ ሊግ ማግባት ምን ይደንቃል?» የሚሉ አይጠፉም። የማልታ ሊግ ትንሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ተጫዋች ግን የምትመዘነው ቀጥሎ በሠራችውም ጭምር ነው። በ2021 ኬንያ ላይ በተካሄደው የሴካፋ ዞን የሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ለፍጻሜ ደርሳለች፤ ዋንጫው ያመለጣቸው በቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 ተሸንፈው ነው። በ2024 ደግሞ ለአሜሪካው ክለብ ዲሲ ፓወር ፈርማለች። ትንሹ ሊግ መሸጋገሪያ ሆናት እንጂ አላስቀራትም። የተነሳችባት ዱራሜም እንደ ኮን ከተማ ከአዲስ አበባ የራቀች ናት። የኮን ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ኳስ ልጫወት ስትል አትከልክሏት።