የግንቡን ሾላ ማን ዘራው?

መካኒሳ ውስጥ፣ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ በሚወርድ መንገድ ዳር፣ ከአንድ ድንጋይ አጥር ስንጥቅ ሾላ በቅሏል። አፈር የለው፣ የሚያጠጣው የለው። ከአጥሩ በላይ የመብራት ሽቦ ተዘርግቷል፤ ድንጋዩም በወፍ ኩስ ተዥጎርጉሯል። የደረቀውን ኩስ በስንጥር ስፈረፍረው ሰናፍጭ የሚያካክሉ ብጫ ዘሮች ወጡ። ዘሪው ወፍ ነው ማለት ነው። ግን የትኛው?

ማልጄ ከወንዙ ማዶ ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ቆምኩ። መጀመሪያ የታዩኝ ጉትያማ፣ ጭራ ረዣዥም ቡናማ ወፎች ናቸው፤ ሊቃውንቱ ኮሊየስ ስትሪያተስ ይሏቸዋል። ፍሬው አፍንጫቸው ሥር እያለ አልነኩትም። ሆዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ቅርንጫፉ ላይ ተንጠለጠሉ። ፍሬና ቅጠል ለሚበላ ትንሽ ወፍ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለ የደጋ ብርድ ከባድ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን እርስ በርስ ተጣብቀው ያድራሉ፣ የገላቸው ሙቀትም ይወርዳል፤ ጠዋት መጀመሪያ ሆዳቸውን ያሞቃሉ፣ ከዚያ ይበላሉ። ሲጠግቡ ቁጥቋጦው ውስጥ ገቡ፤ ወደ ሽቦው የሄደ አልነበረም።

ቀጥሎ ትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች መጡ፤ ወንዶቹ ግንባራቸው ቀይ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የተፈጥሮ መኖሪያ የላቸውም። በቀቀን ግን ዘሩን ፈጭቶ ስለሚበላ እነሱንም ከተጠርጣሪነት አወጣኋቸው።

የቀረው በየግቢው የምናየው ራሰ ጥቁር ቡናማ ወፍ፣ ቡልቡል ነው። ከበሰለው ሾላ ቦጭቆ ዋጠ፣ በቀጥታ ሄዶ ሽቦው ላይ ዐረፈ፣ ላባውን አበጠረ፣ ከዚያ ኩሱን ግንቡ ላይ ጣለ። የፍሬው ሥጋ ሆዱ ውስጥ ይቀራል፤ ደቃቁ ዘር ሳይጎዳ ቶሎ ያልፋል።

የሾላ ዛፎች ሁሉም በአንድ ወቅት አያፈሩም፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይደርሳል። ፍሬ በሊታ ወፍ ከተማ ውስጥ ዓመቱን የሚገፋው በዚህ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባን ያለበሰው ባሕር ዛፍ ፍሬው ደረቅ ነውና ለእነዚህ ወፎች ምግብ አይሆንም።

በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ሥራ የወንዝ ዳርቻዎች ችግኝ እየተተከለባቸው ነው። ችግኝ የምትመርጡ ሰዎች፣ ሾላ፣ ወይራና ኮሽም ጨምሩበት። ያረጀ ሾላ ከመቁረጣችሁ በፊትም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጥታችሁ እዩት።